የሆንዳ ቸርኬ በቪትዝ ላይ፦ ሻጩ፣ ቶርኖ ቤቱና ጎሚስታው

ቪትዜ አሁን የምትሄደው በሆንዳ ቸርኬ ነው። ባለ 15 ኢንች አሎይ (የአሉሚኒየም ቅይጥ)፣ ሆንዳ ፊት (Fit) ከሚባለው መኪና ላይ የወረደ፣ በዱባይ በኩል የመጣ። ያምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው እጄ ላይ አይንቀጠቀጥም። እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ግን ቸርኬውን የሸጠልኝ ሱቅ አይደለም። ለሱቁ ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጣለሁ። ብረት በልክ ለሚቀርጸው ቶርኖ ቤት አምስት። ለጎሚስታው አራት ተኩል፤ ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

የማንንም ስም አልጠራም። የማመሰግናቸው ሁለቱ ወረፋቸው አሁንም ረጅም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስሙን ብጠራውም ባልጠራውም ነገም ይሸጣል።

መኪናዋ 2007 ሞዴል ናት። ባለ 14 ኢንች የብረት ቸርኬ፣ ከላይ የፕላስቲክ ክዳን ነበራት። ክዳኖቹ አንድ በአንድ የሆነ አስፋልት ላይ ቀርተዋል። ከብረቶቹም ሁለቱ፣ ጉድጓድ እየመታቸው፣ ጎሚስታ በመዶሻ እያቃናቸው፣ እንደገና እየተጣመሙ ኖረው በመጨረሻ ጠርዛቸው አየር አልይዝ አለ። ጠዋት ጠዋት ጎማ ማስነፋት ሰለቸኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «ሌላ እስክገዛ ልቻላት» የሚባለው ነገር ለኔ ቢጤ አይሠራም። ያለችኝን ማደስ ነው።

ሥራዬ ጥርስ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ይህን የምነግራችሁ ቦርሳዬ ውስጥ ካሊፐር (የሚሊ ሜትር መለኪያ) ምን ይሠራል እንዳትሉኝ ነው። አብሮኝ የሄደው አባቴ ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ለብዙ ዓመት ነድቷል። አሎይ አይወድም። «ብረት ይጣመማል፣ ይቃናል። ይሄ ይሰነጠቃል» ይላል። ልክ ነው። ግን መጣ።

የሄድነው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ቸርኬው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻጩ ወጣት ነው፣ ተጫዋች፣ ምላሱ ፈጣን። ምን መኪና እንዳለኝ ጠየቀና ወዲያው አወረደልኝ።

«እህቴ፣ ቪትዝሽ ባለ አራት ቀዳዳ አይደለች? ይሄም አራት ነው። አለቀ!»

አባባ ጣልቃ ገባ። «ላዳም አራት ነው። እስቲ ለላዳ አስገባው።»

«ፋዘር ደግሞ፣ ላዳን ምን አመጣው?»

ላዳን ያመጣው ነገር አለ። የቸርኬ ቀዳዳዎች የሚደረደሩት በአንድ ክብ ላይ ነው። የዚያ ክብ ስፋት ፒሲዲ ይባላል። የላዳ 98 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቪትዝ 100። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መሃሉ ሰፊ የሆነ ባለ 100 ቸርኬ ላዳ ላይ ሲደረግ ልክ የሆነ ይመስላል። አንደኛው ቡሎን ይገባል። ሁለተኛው እየታገለ ይገባል። የቀሩት ተጣመው ነው የሚታሰሩት። አባቴ እንዲህ አስረው ሲሠሩ ጎማቸው መንገድ ላይ የላላባቸውን ባለታክሲዎች ያውቃል። ለዚህ ነው «አራት ቀዳዳ» የሚለው መልስ የማይጥመው።

ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ መለካት ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎችን ትይዛላችሁ፣ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል። ለካሁ። 100 ሆነ። ሆንዳ ፊት፣ በሌላ አገር ጃዝ የሚሉት፣ ከቪትዝ ጋር በዚህ ቁጥር አንድ ነው። ሻጩ ልክ ነበር ማለት ነው። ልክ መሆኑን ግን እሱም ከኔ ነው የሰማው።

መጀመሪያ ያሳየኝ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ገልብጬ የውስጡን ጠርዝ በጥፍሬ ስዳብስ ከቀለሙ ሥር ጉብ ያለ መስመር አገኘሁ። ብየዳ ነው። አሎይ ሲመረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው። በአርጎን ሲበየድ፣ በብየዳው ዙሪያ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። አየር ይይዝ ይሆናል። ቀጣዩ ጉድጓድ ሲመታው ግን የሚሰነጠቀው እዚያው አጠገብ ነው። መለስኩለት። ሻጩ አንድ ቃል አልተከራከረም፣ ዝም ብሎ ወደ ቦታው ሰቀለው። ለሚቀጥለው ደንበኛ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ብርማ ነው። ፊቱ ተጭሯል፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የላሰው ይመስላል። ጀርባው ግን ንጹሕ ነው። የጃፓን የአሎይ ቸርኬ መስፈርት ምልክት የሆነው ጄደብልዩኤል በግልጽ ተቀርጾበታል። 15 በ5½ ይላል (ቁመቱና ስፋቱ በኢንች)፣ ከጎኑ 53 ይላል። እኔ ፊቱ የተጫረ ቸርኬ እገዛለሁ፤ ጀርባው የተቀባ አልገዛም።

53ቷ ኦፍሴት ናት። ይህ ቁጥር በበለጠ ቁጥር ጎማው ወደ መኪናዋ ሥር ይገባል፣ ባነሰ ቁጥር ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። የኔ ብረት ቸርኬ ላይ ካለው ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የገባው ጎማ አሞርዛተሩን እንዳይነካ ማየት ነበረብኝ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ቸርኬውን ባዶውን አስገብተን፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዞርን። በቂ ክፍተት አለ። ሻጩ «ትንሽ ወጣ እንዲል ስፔሰር ልስጥሽ» አለ፤ በቸርኬውና በመኪናው መካከል የሚገባ ዝርግ ብረት ነው። አልወሰድኩም። ስፔሰር መሃል ሲገባ ዳዶው የሚይዘው የቡሎን ጥርስ ያጥራል። ለመልክ ሲባል የማይነካ ነገር ካለ እሱ ነው።

ከዚያ የመሃሉ ቀዳዳ። የመኪናው እምብርት ቸርኬው መሃል ገብቶ ነው ልኩን የሚይዘው። የቪትዝ እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሆንዳ ቸርኬ መሃሉ 56.1 ነው። ሰፊው ከጠባቡ ላይ ስለሚገባ ይገጥማል፣ ግን ይንገዋለላል። ሻጩ «ዳዶው ይሰበስበዋል» አለ። ከተማ ውስጥ በ40 ለሚነዳ ሰው ይሰበስበው ይሆናል። ቸርኬው ከመሃል በግማሽ ሚሊ እንኳ ቢዛነፍ ግን ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይነግራችኋል። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ደጋግማችሁ ባላንስ ብታሠሩም አይጠፋም፤ ምክንያቱም ማሽኑ ላይ ቸርኬው መሃሉ ትክክል ነው የሚታሰረው። የተዛነፈው መኪናው ላይ ነው። ባላንስ ላይ ገንዘባችሁን እየበተናችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

መድኃኒቱ ቀለበት ነው። ውጪው 56.1፣ ውስጡ 54.1። የተዘጋጀ የፕላስቲክ አገኘሁ፣ ግን በዚህ ልክ አልነበረም። ቢኖርም አልገዛውም ነበር። ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ፍሬኑ የሚግለውን ግለት አስቡት፤ ቀለበቱ የሚቀመጠው ከዚያ ፍሬን አጠገብ ነው። ስለዚህ ወደ ቶርኖ።

ቶርኖ ቤቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። አላዩትም።

«ቸርኬውንም መኪናውንም አምጪ።»

«ጋሼ፣ ልኩ እኮ እዚህ አለ።»

«ወረቀት አልለካም ልጄ። ብረት ነው የምለካው።»

አመጣሁ። አራቱንም ለኩ። የኋላ ግራው እምብርት ዝጎ ነበር፤ በሽቦ ብሩሽ አስጸድተው እንደገና ለኩት። ቁጥሮቹ እኔ የጻፍኳቸው ሆኑ፣ ግን ሰውዬው ባይለኩ ዝገቱን ማንም አያየውም ነበር። ከዚያ ስለ ውፍረቱ ማጉረምረም ጀመሩ። ሁለት ሚሊ ልዩነት ማለት የቀለበቱ ግድግዳ አንድ ሚሊ ብቻ ነው። «ይሄ ቀለበት አይደለም፣ የሽንኩርት ልጣጭ ነው» አሉ። እያጉረመረሙ ከአሉሚኒየም ሠሩት። ወደ ውስጥ ሰምጦ እንዳይጠፋ በአንዱ ጎን ትንሽ ከንፈር አወጡለት። በአውራ ጣት ሲገፋ ይገባል፣ ሲለቁት አይወድቅም። እኔ የማውቀው ሥራ ስለሆነ ልመስክር፤ ለጥርስ የሚበቃ ልክ ነው። አንድ ትርፍ አምስተኛ ቀለበትም ሠርተው ሰጡኝ። የአምስተኛውን አላስከፈሉኝም። «ጎሚስታዎች ቀለበት ይጥላሉ» አሉኝ። እንዳይጣበቅ በጣም ስስ ግሪስ ቀቡ ብለውኛል፤ ግሪሱ ፍሬኑን እንዳይነካው ግን በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዳዶው። ይህንን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ሁለት ኮከብ ያስባለኝ ይኼ ነው።

ሰው ቸርኬ ሲገዛ የሚያየው ቸርኬውን ነው። ዳዶ ምርቃት ነው፣ በፌስታል ይሰጣል። ለኔም በፌስታል ተሰጠኝ። አንዳንዱ ያብረቀርቃል፣ አንዳንዱ ዝጓል፣ ከየት ከየት እንደተለቀመ አይታወቅም።

መጀመሪያ የሚታየው ጥርሱ ነው። ቶዮታና ሆንዳ 12 በ1.5 ነው የሚጠቀሙት። ቡሎኑ 12 ሚሊ ነው፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ። የሱዙኪ 12 በ1.25 ነው። የብዙ ኒሳኖችም እንደዚያው። በዓይን አይለዩም። ከፌስታሉ ውስጥ ሦስቱ የ1.25 ሆነው ተገኙ። እንዴት አወቅሽ ካላችሁ፣ በጣት ነው። ትክክለኛ ዳዶ ንጹሕ ቡሎን ላይ በጣት እየተሽከረከረ እስከ መጨረሻ ይገባል። የተሳሳተው አንድ ሁለት ዙር ሄዶ ይቆማል። በዚያ ሰዓት በአየር የሚሠራውን መፍቻ ብታስነሱበት ይገባል፣ ያውም እየጮኸ። ግን የገባው ጥርሱን እየበላ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። ጎሚስታው መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት አሥራ ስድስቱም በእጅ ይገቡ።

ሁለተኛው መቀመጫው ነው፣ ማለትም ዳዶው ቸርኬውን የሚነካበት ጎን። የቪትዝ የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ እንደ ሾጣጣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ሆንዳ ግን ፋብሪካው የሚያወጣው ቸርኬ ላይ ክብ ጫፍ ነው የሚጠቀመው፣ ከኳስ ላይ የተቆረጠ ዓይነት ቅርጽ። የቸርኬው ቀዳዳም በዚያው ልክ ጎድጓዳ ነው። ቶዮታ ደግሞ ለራሱ አሎይ ብዙ ጊዜ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አለው፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው። ሦስቱም አንድ ቡሎን ላይ ይገባሉ። ሦስቱም ይጠብቃሉ። ቸርኬውን በትክክል የሚይዘው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የፌስታሉ ዳዶዎች በሙሉ ሾጣጣ ናቸው። ሾጣጣ ነገር ጎድጓዳ ክብ ውስጥ ሲገባ የሚነካው በአንድ ቀጭን መስመር ነው። ይህን ለማየት ከሥራ ቦታዬ ሰማያዊውን ወረቀት ይዤ ሄጄ ነበር። የጥርስ ሐኪም «ንከሺ» ብሎ አፋችሁ ውስጥ የሚያደርገው ወረቀት ነው፤ ጥርስ ከጥርስ የት እንደሚነካካ ቀለም ይተዋል። ቀዳዳው ላይ አድርጌ ዳዶውን አሰርኩ፣ ፈታሁ። ፀጉር የምታህል ሰማያዊ ክብ። ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። ያ ማለት የመኪናው ክብደት፣ የፍሬኑ ጉልበት፣ የጉድጓዱ ምት፣ ሁሉም በዚያች መስመር ላይ ነው። መስመሯ ለስላሳውን አሉሚኒየም ስትበላ ዳዶው ይላላል።

ለሻጩ አሳየሁት። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ አገሩ ሁሉ በዚህ ነው የሚያስረው» አለኝ። አባባ በዚህ ጊዜም ዝም አላለም። «የላላበትስ መጥቶ ይነግርሃል?» አለው።

የሆንዳ ዳዶ እዚያው ሶማሌ ተራ ውስጥ፣ የሆንዳ ዕቃ ብቻ ከሚይዝ ሌላ ሱቅ አገኘን። ያገለገለ ነው፣ ግን አንድ ዓይነት አሥራ ስድስት ነው። ጥርሱ ከቶዮታ ቡሎን ጋር አንድ ስለሆነ ቪትዝ ላይ በቀጥታ ይገባል። በሰማያዊው ወረቀት ደገምኩት። ሰፊ፣ ሙሉ ክብ። አለቀ ማለት አሁን ነው።

ጎማውን በተመለከተ አጭር ልሁን። ቸርኬው ሲመጣ የሆንዳውን አሮጌ ጎማ ለብሶ ነበር፣ 175/65 አር 15 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ልክ በኢንች)። ሻጩ «ጎማውም ምርቃት ነው» ብሏል። ጎኑ ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት አኃዝ አየሁ። ሁለቱ የፊት አኃዞች ሳምንቱ ናቸው፣ ሁለቱ የኋላዎቹ ዓመቱ፤ 2318 የሚል ካያችሁ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የኔዎቹ ከዚያም ያረጁ ናቸው፣ ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። አዲስም ቢሆኑ ልካቸው ለኔ አይሆንም። የቪትዜ 165/70 አር 14 ቁመቱ 587 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 175/65 አር 15 ደግሞ 608። ቆጣሪው 100 ሲል በእውነቱ ወደ 104 የሚጠጋ እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው። የመረጥኩት 185/55 አር 15 ነው፣ ቁመቱ 584 ተኩል። ከድሮው ጋር ሁለት ሚሊ ነው የሚለየው። የመሸከም ቁጥሩም 82 ነው፣ የድሮው 81 ነበር።

ጎሚስታው ወጣት ነው፣ ሣሪስ በኩል። ጎማ ከማልበሱ በፊት ባዶ ቸርኬዎቹን ማሽኑ ላይ አሽከረከራቸው። ሳልነግረው! አንዱ ትንሽ እንደሚወላገድ አሳየኝና ወደ ኋላ እንዲታሰር መከረኝ። ክብደቱን ጠርዙ ላይ በመዶሻ ከሚመታው ይልቅ ከውስጥ የሚለጠፈውን ተጠቀመ፣ ከመለጠፉ በፊት ቦታውን በቤንዚን ጠረገው። ቀለበቶቹን አንድም አልጣለም። ዳዶዎቹን በእጁ አስገባ፣ ከዚያ እያፈራረቀ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር። የመጨረሻውን ያጠበቅነው ከአንድ ጋራዥ በተዋስኩት የሚለካ መፍቻ ነው፣ በ103 ኒውተን ሜትር። አባባ በላዳ ዘመን የጎማ መፍቻ ላይ በእግሩ ቆሞ ነበር የሚያጠብቀው። መፍቻው «ቀጭ» ሲልና ልጁ ሲተወው አላመነም። አንድ ጊዜ ልርገጠው አለ። ከለከልነው።

ግማሿ ኮከብ የተቀነሰችው በአየሩ ነው። እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራ ልጅ አየሩን 45 ፒኤስአይ ነፋው። «መንገዱ መጥፎ ነው፣ ጠንከር ይበል» አለ። ይህ ከተማው ውስጥ ያለ የጎሚስታ ሃይማኖት ነው፣ አልከራከርም። ወደ 33 አስወረድኩት። በጣም የተነፋ ጎማ መሃሉ ብቻ ነው የሚበላው፣ የጉድጓዱንም ምት ጨርሶ ለቸርኬው ነው የሚያስተላልፈው፤ ቸርኬው ደግሞ አሁን አሎይ ነው።

ሙከራው በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ገብተን እስከ ሞጆ። ሌላ ቦታ ይህን መፈተን አይቻልም፤ ቀለበት የሌለው ቸርኬ የሚጋለጠው ከ80 በላይ ነው። ምንም የለም። መሪው ዝም አለ። ስንመለስ ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሽኩ። አዲስ የታሰረ አሎይ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ መፈተሽ አለበት። ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ትንሽ ተቀበለ፣ የቀሩት አልተነቃነቁም።

ጉድለቱን ደግሞ ስሙ። የጎማው ጎን ከ115 ሚሊ ወደ 102 ወርዷል። አስፋልት ላይ አይታወቅም፣ መታጠፊያ ላይ እንዲያውም ቆንጠጥ ብላ ነው የምትዞረው። ሰፈራችን ግን ኮብልስቶን ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቤት ስታጠፉ እያንዳንዷን ድንጋይ ትቆጥራላችሁ። አባባ ወገቡን ይይዛል፣ እኔ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ነዳጅ ቀነሰ ወይ ላላችሁኝ፣ አልቀነሰም። ከኋላ ስትታይም ጎማው ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ በዚያች 53 ምክንያት። የሚያሳስበኝ ሌባ ነው። አንድ ዳዶ በየጎማው በልዩ ቁልፍ የሚፈታ አደረግሁ፤ ስትገዙ ጫፉ ክብ የሆነውን ጠይቁ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው አብዛኛው ሾጣጣ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ተቀያሪው ጎማ ነው። የኔ ተቀያሪ አሁንም የቪትዝ ብረት ነው። ቁመቱ ከአዲሶቹ ጋር እኩል ስለሆነ ችግር የለም። የሆንዳ ክብ ዳዶ ግን የብረቱ ሾጣጣ መቀመጫ ላይ አይሆንም። አራት የቪትዝ ዳዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ከክሪኩ ጋር አስቀምጫለሁ። ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ሶማሌ ተራ ክፍት አይደለም።

ዋጋን በብር ብነግራችሁ ከሳምንት በኋላ ውሸት ይሆናል። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚነሳው። በንጽጽር ልንገራችሁ። አራቱ አዲስ ጎማዎች ከአራቱ አሮጌ ቸርኬዎች በለጡ። የሆንዳ ዳዶውና ቀለበቶቹ ተደምረው የአንድ ቸርኬ ዋጋ አልሞሉም። «ምርቃት» የተባሉት ጎማና ዳዶ ሁለቱም መጣል ነበረባቸው፤ ስለዚህ ስትደራደሩ ከነጎማው የሚለውን ዋጋ አትስሙ፣ የባዶውን ቸርኬ ዋጋ ጠይቁ።

ድካሙን ለማይፈልግ የቪትዝ ባለቤት ቀላሉ መንገድ የሱዙኪ ዲዛየር ቸርኬ ነው። አራት ቀዳዳ በ100፣ መሃሉም እንደ ቪትዝ 54.1። ቀለበት አያስፈልግም። ዳዶው ግን የራሳችሁ የቶዮታው ይሁን፣ የሱዙኪው ጥርስ የተለየ ነው ብያለሁ። እኔም ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የሆንዳው መልክ አሸነፈኝ።

መሥሪያ ቤት ያሉ ልጆች ስለራሳቸው መኪና ስለጠየቁኝ ያንንም ልጨምር። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ብዙው ኮሮላ፣ ራቭ ፎር፣ የሃዩንዳይ ቱሳን፣ የኒሳን ኤክስትሬል፣ ሁሉም አምስት ቀዳዳ በ114.3 ናቸው። መሃላቸው ግን ይለያያል። የቶዮታ 60.1፣ የሆንዳ 64.1፣ የኒሳን 66.1፣ የሃዩንዳይ 67.1። የሃዩንዳይ ቸርኬ ኮሮላ ላይ በቀለበት ይሆናል። የኮሮላ ቸርኬ ቱሳን ላይ ግን ጭራሽ አይገባም፣ መሃሉ ይጠባል። «በቶርኖ እናሰፋዋለን» የሚሏችሁ አሉ። የኔ ሽማግሌ ጠይቄያቸው አይሆንም ብለዋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሆነውን ቮልስዋገን አይዲ ፎር ይዛ የመርሴዲስ ቸርኬ አምሯታል። ቀዳዳው ሁለቱም አምስት በ112 ነው። የመርሴዲሱ መሃል 66.6፣ የቮልስዋገኑ 57.1 ስለሆነ ቀለበት ይፈልጋል። እነዚህ መኪኖች በዳዶ ሳይሆን በቡሎን ነው የሚታሰሩት፣ የሁለቱም ጫፍ ክብ ነው፣ ግን ክቡ የተለያየ ስለሆነ ሰማያዊውን ወረቀት ላበድራት ተስማምተናል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቸርኬው ጀርባ ላይ የተጻፈውን የክብደት ቁጥር ታንብብ። ባትሪ የተሸከመ መኪና ከባድ ነው፣ ያማራት ቸርኬ ደግሞ ከትንሽ ሴዳን ላይ የወረደ ነው።